ደጋሚ

መስከረም ሲጋመስ፣ ጭቃው ሳይደርቅ ገና፣
ከራስ መኮንን ድልድይ፣ ሽቅብ በሚያቀና
ዳገት ላይ በቆመው፣ በእኛ ትምህርት ቤት፣
አንዲት ልጅ ተቀበልኩ፣ ከነሙሉ ፍርሃት።
ስሟ ትብለጥ ነው።
ካርዷ ግን ሌላ ነው፤
«ከስልሳ አንድ ተማሪ፣ ስልሳ አንደኛ» ይላል፣
በቀይ እስክሪብቶ፣ ሁለቴ ተሰምሯል።
ከግርጌው አንድ ቃል፣ ብቻውን፣ «ደጋሚ»፤
ጽሕፈቱ ያማረ፣ ቃሉ አጥንት ቆርጣሚ።

ከእሷ ቀድሞ ገባ፣ ያ ቃል ወደ ክፍሉ፤
ካርዱን ማን አሳያቸው? ልጆች ሁሉን ያውቃሉ።
ከኋላ ወንበር ላይ፣ ጥግ ይዛ ተቀመጠች፣
የሹራቧን እጅጌ፣ በጥርሷ እያኘከች።
«አንብቢ» ስላት ትቆማለች፤ ድምፅ ግን የላትም።
ዓይኗ መጽሐፉ ላይ ነው፤ እሷ ግን የለችም፤
ባለፈው ዓመት ውስጥ፣ ባለፈው ዱላ ሥር፣
የማላውቀው ሰው ፊት፣ ቆማ ነው የምታድር።

እኔስ ንጹሕ ነኝ ወይ? ሃያ ሁለት ዓመት
ጠመኔ ስጨብጥ፣ ቀይ መስመር ስጎትት፣
«ደካማ»፣ «ሰነፍ ነው»፣ «ወላጅ ይቅረብልኝ»
ስንቱን ጽፌያለሁ፣ እጄ እንኳ ሳይከብደኝ።
አንዱ፣ ሸዋንግዛው፣ ዛሬ የታክሲ ረዳት ነው።
ከፒያሳ ስሳፈር ሒሳብ አይቀበለኝም።
«ቲቸር፣ ተከፍሏል» ይለኛል።
ምን እንደተከፈለ፣ ማን እንደከፈለ
ሳልጠይቀው እወርዳለሁ።

ጥቅምት ላይ፣ ቅዳሜ፣ በአራት ኪሎ ሳልፍ፣
ከሐውልቱ ማዶ፣ ከጋዜጦቹ ደጃፍ፣
እናቷ ሎተሪ አንጠልጥላ ባንገት፣
ትብለጥ አጠገቧ፣ ከበዋት አዛውንት።
መነጽር የሌለው ቲኬቱን ያቀብላታል፤
ዓይኗ አንዴ ዝርዝሩን አንዴ ቁጥሩን ያያል።
«ዜሮ ስምንት አራት፣ ሦስት ሁለት አንድ ሰባት።
አባባ፣ አልወጣም።»
«እስቲ ድገሚልኝ» አሉ፣
ጆሯቸው ሰምቶ፣ ልባቸው አልሰማ ብሎ።
ደገመችላቸው፤ ቀስ አድርጋ፣ እንዳይከፋቸው።
እኔ ከጋዜጦቹ ኋላ ተሸሸግኩ።
መምህር ተማሪውን እንደሚፈራ ያን ቀን አወቅሁ።

ሌሊቱን ቃሉን ይዤ፣ ስገላበጥ ነጋ።
አባቴን አሰብኩት፣ ጎህ ሳይቀድ ካልጋ
ወርዶ ዳዊት ሲደግም፤ አርባ ዓመት ያው መጽሐፍ፣
አርባ ዓመት ያው ገጽ፣ ጧፍ ያጠቆረው ጫፍ።
ማን «ወደቀ» አለው? ማን በእሱ ላይ ሳቀ?
ሰፈሩ «ደጋሚ» ሲለው፣ ባርኔጣ እያወለቀ።
ታዲያ ይህን ቃል ማን ነው ለልጅ ዱላ ያደረገው?

ሰኞ ካርዱን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት።
ሰሌዳው ላይ ሰባት አኃዝ ደረደርኩ።
«ዓይኔ ደክሟል» አልኩ፣ እውነትም ደክሟል፣ «ማን ያነብልኛል?»
የፊት ወንበር ጎበዞች ሚሊዮኑ ላይ ተደናቀፉ።
ከኋላ፣ ከሹራብ እጅጌ ውስጥ፣ አንድ ቀጭን ድምፅ መጣ።
«አልሰማሁም፣ ድገሚልኝ» አልኩ።
ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።
ትብለጥ ተቀመጠች። ሳምንቱን ሙሉ አልተነፈሰችም።
በገዛ አፌ አበላሸሁት።

ከዚያ ወዲህ መድገሙን እኔው ያዝኩት።
እጽፋለሁ፣ እሳሳታለሁ፣ በዳስተር አጠፋለሁ፣
«ቆይ፣ ልድገመው» እላለሁ።
መጀመሪያ ሳቁብኝ። ከዚያ ለመዱኝ። ከዚያ
ሲሳሳቱ እነሱም «ቆይ» ማለት ጀመሩ።

ተአምር አልወረደም። በዚህ ሴሚስተር
ከሃምሳ ስምንት ሠላሳ ዘጠነኛ ወጣች፤
እናቷ ካርዱን ገልብጣ ገልብጣ አየችው፣
እንደ ቲኬት።
ትናንት ግን፣ ክፍሉ ከተበተነ በኋላ፣
ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣
አንድ ገጽ አነበበችልኝ፤ ሁለት ቦታ ወድቃ፣ ተነስታ።
መጽሐፉን ልዘጋው እጄን ስዘረጋ
እጅጌዋን ከጥርሷ አላቀቀች፦
«ቲቸር፣ ልድገመው?»